ጋሽ ወለልና ስድስት ሺህ ጥፋት

ጋሽ ወለል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው። በየቀኑ፣ ለመጣ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። አንገታቸውን ደፋ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፋ ያደርጋሉ፤ ዓይናቸው ከጫማው ጫፍ ተነሥቶ ተረከዙን ዞሮ እስኪመለስ ቀና አይሉም። እንግዳው በዚህ መሀል እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ አየር ጨብጦ ቆሟል። «ሰላምታው ይቆየን» ይሉታል፣ «ጫማው?»

ጥበቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቤቱን ከሌባ ይጠብቃል፤ ሌላው ቤቱን ከባለቤቱ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ቀኑ ሲደርስ ጡረታ ይወጣል። ሁለተኛው ጡረታ የሚባል ነገር አያውቅም። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ሰው የሌለበት ሰፈር ደግሞ የለም። መጽሐፉን አንባቢ እንዳይነካባቸው የሚሳሱ የቤተ መጻሕፍት ሴትዮ አሉ። እንግዳ ይመጣል ብላ ሶፋዋን በላስቲክ እንደሸፈነች ሃያ ዓመት ያስቆጠረች አክስት አለች፤ እንግዳው መጥቶ ላስቲኩ ላይ ተቀምጦ ሄዷል። የእነዚህ ሁሉ የበላይ፣ የእነዚህ ሁሉ ሊቀ መንበር ግን ክቡር ጋሽ ወለል ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቁት የሰፈሩን መዝናኛ አዳራሽ ነው። የጠበቁትም ከመዝናናት ነው።

አዳራሹ ከድሮው የአውቶቡስ ማዞሪያ ጀርባ ይገኛል። ከውጭ ሲያዩት ቆርቆሮው ዝጓል፣ ቀለሙ ተላልጧል፣ ከበሩ በላይ የተጻፈው ጽሑፍ ግማሹ ረግፎ የቀረው ግማሹ ምን እንደሚል የሚያውቁት ያረጁት ብቻ ናቸው። ውስጡ ሲገቡ ግን ፓርኬው አለ። ጠባብ ጠባብ ጣውላ እንደ ዓሣ አጥንት እየተጋደመ፣ ከበሩ እስከ መድረኩ ሥር፣ አንድም ቦታ ሳይነሣ ሳይሰነጠቅ ተዘርግቷል። ጋሽ ወለል ቅዳሜ ቅዳሜ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሰም ይቀቡታል። ከበሩ ጀምረው ወደ መድረኩ ስለሚቀቡ ሲጨርሱ መውጫ ያጣሉ። ሰሙ እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት መድረኩ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ከመድረኩ ጀምረው ወደ በሩ ቢቀቡ ወጥተው መሄድ እንደሚችሉ አንድ አናጢ መክሯቸው ነበር። «ወጥቼስ?» አሉት፤ «እርጥቡን ለማን ትቼው?»

ከንቲባው አንድ ጊዜ አዳራሹን ሊጎበኙ መጡ። አጃቢዎቻቸው በር ላይ ተንጫጩ፣ ጋሽ ወለል ግን ንቅንቅ አላሉም። ክቡር ከንቲባው ጫማቸውን ሲያወልቁ አውራ ጣታቸው ከካልሲያቸው ወጥቶ ሕዝቡን ሰላም አለ። ሕዝቡም እንደ ምንም ሳቁን ዋጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ የአዳራሹ የጣሪያ ጥገና ጥያቄ ለሰባት ዓመት «በሂደት ላይ» ሆነ። የእሳት አደጋ መርማሪው ደግሞ በቦት ጫማው ሊገባ ሲል፣ እሳት ሲነሣ በቦት እንደሚያስገቡት፣ እስከዚያው ግን በካልሲ እንዲመረምር ነግረውታል። መርማሪው በካልሲው ሲመረምር አንሸራቶት ወደቀና ሕንፃው ላይ ያገኘው ብቸኛ አደጋ ወለሉ መሆኑን ጽፎ ሄደ። ጋሽ ወለል ያንን ወረቀት እንደ ሽልማት ቆጥረው በመስታወት አድርገው ሰቅለውታል።

አንዲት ሙሽራም ነበረች፣ ተረከዟ እንደ መርፌ የሾለ። ሠርጓ ነውና ጫማ አውልቂ ማለት ለጋሽ ወለል እንኳ ከበዳቸው። ሁለት የጠርሙስ ቡሽ በስተው ተረከዞቿ ላይ ሰኩላት። ሙሽራዋ እንደ አዲስ ጥጃ እየተንገዳገደች ሙሽራው ሌሊቱን ሙሉ ወገቧን ይዟት አደረ። ባልና ሚስቱ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲሄዱ ተያይዘው ነው፤ ሰፈሩ ምክንያቱ ቡሹ ነው ይላል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘመኑ ሲሄድ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ። አዳራሹ ፈርሶ በቦታው ሱቅና የመኪና ማቆሚያ ያለው ባለ አምስት ፎቅ ሊሠራ ታስቧል። ሊተርፍ የሚችለው የቅርስ ኮሚቴው ከመዘገበው ብቻ ነው። ለመመዝገብ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው መሆን፣ አካሉ ጤነኛ መሆን፣ ሦስተኛም ማኅበረሰቡ ሲገለገልበት መኖሩን የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ። ይህን ሁሉ አሰባስባ እንድታቀርብ ከቅርስ ክፍል አንዲት ልጅ ተላከች። ሥራ ከጀመረች ስምንት ወሯ ነው። ድምጿ ከአፏ ወጥቶ እስከ ጠረጴዛው ማዶ ከደረሰ ትልቅ ነገር ነው፤ ቢሮ ውስጥ አንድ ነገር ለመናገር ሦስት ጊዜ «ምን አልሽ?» ትባላለች፣ በሦስተኛው ትተወዋለች። ለኮሚቴው ፋይሉን የሚያነበው ያዘጋጀው ሰው መሆኑን ስታውቅ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ ብሏት ነበር።

ጋሽ ወለል እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ እግሯን አዩ። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ፣ ደርድራ፣ ጫፉን ወደ ውጭ አዙራ ነበር የጠበቀቻቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩዋት። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉ፤ ከእሳቸው ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

ሁለቱ ማስረጃዎች አላስቸገሩም። ዕድሜውን የመሠረት ድንጋዩ ይናገራል። የአካሉን ጤንነት የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ፣ በካልሲ ሆኖ፣ አረጋገጠ። ሦስተኛው ላይ ነው ነገር የተበላሸው። የአዳራሹ የአገልግሎት መዝገብ በሙሉ ማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ተከማችቶ ኖሮ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ በልቶታል። ልጅቷ ይህን ስትነግራቸው ጋሽ ወለል ተቆጡ።

«መዝገብ የሌለው ቤት በረት ነው» አሉ። «ነይ።»

ከመድረኩ ጀርባ ካለው ቁም ሣጥን አሥራ ዘጠኝ ደብተር አወጡ፣ እያንዳንዱ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ እያንዳንዱ በቀጥ ያለ የእጅ ጽሕፈት የተሞላ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ሳምንት ሳይዘለል። ልጅቷ ሽማግሌውን አቅፋ ልትስም ምንም አልቀራት። የመጀመሪያውን ደብተር ሽፋን ስታነብ ግን እጇ ቆመ። «የጥፋት መዝገብ» ይላል።

ገለጠችው። «ጸጉር አስተካካዩ በጭቃ ጫማ መጣ። ተመለሰ።» ገለጠች። «የልብስ ሰፊዋ ልጆች ተንሸራተቱ። ተገሠጹ።» ቀጠለች። «ከመዘምራኑ ወፍራሙ ወንበር እየጎተተ ጫረ። ተገሠጸ። ወንበሩም ተቀጣ፣ ሁለት ሳምንት ጓዳ ይቆያል።» የሰው ስም የለም፤ ጋሽ ወለል ስም ጽፎ ሰውን ማሳፈር ነውር ነው ብለው ያምናሉ። በመጨረሻ የከተማው የጠረጴዛ ቴኒስ ፍጻሜ የተደረገበትን ቀን ፈልጋ አገኘች። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ መቆሚያ እንዳልነበረ እናቷ ሳይቀሩ ያስታውሳሉ። የጋሽ ወለል ደብተር ስለዚያ ቀን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከተመልካች አንዱ የብርቱካን ልጣጭ ጣለ።»

«ጋሼ፣ በሥርዓት የተጠቀሙትስ የት ነው የተጻፉት?» አለች።

«በሥርዓት የተጠቀመ ሰው ምን አጠፋና ይጻፋል?»

የልጅቷ ክፍል ኃላፊ ሁለት ገጽ አንብቦ ደብተሩን ዘጋው። ይህን ብታቀርብ ዶዘሩን ራሷ ነድታ ወሰደችው ማለት እንደሆነ፣ መጥቶ የተመለሰ ሰው እንጂ የተገለገለ ሰው እዚህ ውስጥ እንደሌለ ነገራት። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው፤ ቀኑ ዓርብ ነበር። ልጅቷ አሥራ ስምንቱን ደብተር በሁለት ዘንቢል ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች። አሥራ ዘጠነኛው ገና ስላላለቀ ከጋሽ ወለል እጅ አልወጣም።

እሑድ ከሰዓት እናቷ ሽንኩርት እየላጡ «እስቲ አንብቢልን» አሉ። ማንበብ ስትጀምር እናትየው ሳቃቸው መጣ፣ ቆይቶም ሽንኩርቱን ተዉት። ደብተር አምስት ላይ አንዲት ነርስና አንድ የአውቶቡስ ሾፌር አሉ። ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ ያለ ሙዚቃ ሲደንሱ ተገኝተው ተገሠጹ። በሳምንቱ ተገሠጹ። በሳምንቱም ተገሠጹ። ዝናብ የጣለ ጊዜ ተገሠጹ። ከዚያ ጠፉ። ደብተር ስድስት ላይ ግን እንዲህ የሚል አለ፤ «የነርሷና የሾፌሩ ሴት ልጅ ወለሉ መሀል ድረስ ዳዴ ብላ ሄዳ ሸናች። ዕድሜዋ ታይቶ በቃል ብቻ ተገሠጸች።»

እናትየው እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አልታወቀም። ያ ኃላፊ ምን ነበር ያለው ብለው ጠየቁ። ሰው አልተገለገለበትም ነው የሚለው፣ አለች።

«ሞኝ ነው እንዴ?» አሉ እናቷ። «ካልሄዱ መቼ አጠፉ?»

ልጅቷ ወደ መጀመሪያው ደብተር ተመለሰች። ከዚያ ብዕር አንሥታ መቁጠር ጀመረች። እናትየው ያነብባሉ፣ እሷ ጭረት ታሰምራለች። ማክሰኞ ጠዋት አዳራሹ ሄዳ አሥራ ዘጠነኛውንም እዚያው ቁጭ ብላ ቆጠረችው። በአጠቃላይ ስድስት ሺህ አርባ ሁለት ጥፋት። በሳምንት ወደ አራት ጥፋት፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት።

ቁጥሩን ስትነግራቸው ጋሽ ወለል ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። ሽማግሌው ግን መድረኩ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሰም ሳይቀቡ ሲቀመጡ አይታ አታውቅም።

«ስድስት ሺህ?» አሉ። «ይሄን ያህል አስደፈርኩት?»

ያን ጊዜ ነው ልጅቷ የገባት። እሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ወለሉን ጠበቅሁት ብለው ነው የኖሩት። አሁን እሷ ይህ ሰው ስድስት ሺህ ጊዜ መጠበቅ አልቻለም ብላ አምስት የኮሚቴ አባላት ፊት ልታነብ ነው። ሌላ መንገድ ብትፈልግ የለም። ይህ ካልተነበበ ወለሉ በሚቀጥለው ወር በዶዘር ይነሣል። ይህንኑ ነገረቻቸው፣ ድምጿ እየጠፋ። ጋሽ ወለል ካልሲያቸውን ሳብ አድርገው አስተካከሉ።

«እንግዲያው አንብቢው» አሉ። «ግን ተሰሚ። እኔ ተዋርጄ አንቺ ካልተሰማሽ፣ ውርደቱ ብቻ ነው የሚተርፈኝ።»

ሐሙስ ደረሰ። ጋሽ ወለል የማዘጋጃ ቤቱን የስብሰባ ክፍል የላስቲክ ንጣፍ በሐዘኔታ አይተው፣ ከነጫማቸው ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ኮሚቴው አምስት ነው። ሰብሳቢዋ ብዙ የማይናገሩ መሐንዲስ ናቸው። ከእሳቸው በስተቀኝ የልማት ክፍሉ ሰው የአዲሱን ፎቅ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ነጭ ልብስ ለብሰው ይስቃሉ።

ልጅቷ ተነሣች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተንቀጠቀጠ፣ ሁለተኛው ቆመ። ሦስተኛው ላይ የክፍል ኃላፊዋ ራሱ ዞር ብሎ አያት፣ ድምጹ የሌላ ሰው መስሎት። ስለ ነርሷና ስለ ሾፌሩ አነበበች። ንጉሡን በመስኮት አውጥቶ ስለወረወረው ቼዝ ተጫዋች፣ ማታ በባትሪ ሲፈልጉ አብሮት ስለዋተተው ባላንጣው አነበበች። ከዚያ ከደብተር አሥራ አንድ ይህን አነበበች፤ «መስማት የተሳናቸው ወጣቶች ወለሉን በእግራቸው ክፉኛ ደበደቡ። በጽሑፍ ገሠጽኳቸው። ሙዚቃው የሚደርሰን በወለሉ በኩል ነው ብለው በጽሑፍ መለሱ። ጫማ አውልቀው እንዲቀጥሉ ተፈቀደ። ባዶ እግር ይበልጥ ይሰማል አሉኝ። ሲሄዱ ሞከርኩት። እውነት ነው።»

ልጅቷ በመጨረሻ ቁጥሩን ተናገረች፤ ስድስት ሺህ አርባ ሁለት ጊዜ የተጠፋበት ቤት ሰው የማይደርስበት ቤት ሊባል እንደማይችል ተናግራ ተቀመጠች።

የልማት ክፍሉ ሰው ሳቅ አለ። ጥፋት የምትቆጥሩ ከሆነ የእኔንም ጨምሩበት አለ። ጎረምሳ እያለ አዲስ ጫማ ገዝቶ ሊያሳይ ወደዚያ አዳራሽ ሄዶ፣ ሽማግሌው ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ከበር እንደመለሱት፣ ሕዝብ እንዲህ የሚጉላላበት ቤት ቅርስ ከተባለ ሁሉም ነገር ቅርስ እንደሆነ ተናገረ። ሰዉም ሳቀ፤ ነገሩ ወደ እሱ ያጋደለ መሰለ።

ሰብሳቢዋ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ወንድሜ» አሉ። «የመጀመሪያው ቅዳሜ መለሱህ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምን ፈልገህ ሄድክ?»

ሰውየው የፎቁ ሥዕል ላይ ያሉትን ሰዎች ተራ በተራ አያቸው። «ልጆቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

ድምፅ ተሰጠ፤ ሦስት ለሁለት። የልማት ክፍሉ ሰው እንዲፈርስ ነው ድምፅ የሰጠው፤ ሰው አንድ ጥያቄ ስለተጠየቀ ብቻ ፎቁን አይተውም። አዳራሹ ግን ይተርፋል፣ ይመዘገባል። አንድ ግዴታ ተጨመረበት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ለሁሉም ክፍት ይሆናል፣ ከእንግዲህም ማንም ሰው በጫማው ምክንያት ከበር አይመለስም።

ጋሽ ወለል ውሳኔውን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ደስታና ሐዘን ቦታ ሲሻሙ ታየ። ማንንም ሳያናግሩ ወደ አዳራሹ ሄደው አሥራ ዘጠነኛውን ደብተር ከፈቱ። «ሐሙስ። ኮሚቴው በወለሉ ላይ ጫማ ፈቀደ። ተገሠጸ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። በሩ ላይ ለጫማ የሚሆን የጨርቅ ሽፋን ተቀምጧል፣ በጫማ መግባት እንደሚፈቀድ የሚገልጽ ማስታወቂያም ተለጥፏል። አብዛኛው ሰው ማስታወቂያውን አንብቦ፣ ሽፋኑን አልፎ፣ ማንም ሳይጠይቀው ጫማውን አወለቀ። ከሃምሳ ጥንድ በላይ ጫማ ከበሩ እስከ መንገዱ ተደረደረ። ሦስት ሰዎች ብቻ ከነጫማቸው ገቡ። ጋሽ ወለል የእነዚያን ሦስት ሰዎች እግር ቀኑን ሙሉ ሲከተሉ ዋሉ፤ ቃል ግን አልተነፈሱም። ማታ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር ይባላል።

ኮሚቴው ከጥፋት መዝገቡ የተመረጡ ጥቂት ጽሑፎች አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ ወስኖ ስለነበር መምረጡ ለልጅቷ ደረሳት። ከአሥራ ዘጠኙ ደብተር ሠላሳ ጥፋት መርጣ፣ በኮምፒውተር ጽፋ ለጋሽ ወለል አመጣችላቸው። የመጨረሻውን ያገኘችው አሥራ ዘጠነኛው ደብተር ውስጥ፣ ከሐሙሱ ጽሑፍ በላይ፣ እሷ ቆጥራ ከሄደች በኋላ የተጻፈ ሆኖ ነው። ምንም ሳትል ሠላሳኛ አድርጋ አስገብታዋለች።

ጋሽ ወለል ቆመው አነበቡ። ሁለት ነጥብ አረሙ፣ አንድ ቀን አስተካከሉ። ከመጨረሻው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ይቺን አውጪያት» አሉ።

ለምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሌሎቹ ሃያ ዘጠኙ ሁሉ እንደተገሠጹ፣ ይቺ ከተሰቀለች ሰው ጋሽ ወለል አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ሰው ነው እንደሚል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሥርዓት የሚባል ነገር እንደማይኖር አስረዷት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እባክሽ ልጄ» አሉ። እባክሽ ሲሉ ማንም ሰምቷቸው አያውቅም።

አወጣችው። ግድግዳው ላይ ያሉት ሃያ ዘጠኝ ናቸው። ሠላሳኛው ይኸው ነው፤

«ረቡዕ፣ የምሳ ሰዓት። ከቅርስ ክፍል የመጣችው ልጅ ሰው የለም ብላ ከነጫማዋ መድረኩ ላይ ወጣች። ለባዶ ወንበሮች አነበበች። መጀመሪያ ምንም አይሰማም ነበር። ሁለተኛ አነበበች። ሦስተኛ አነበበች። በአራተኛው ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ ቆሜ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። ስለ ጫማዋ አልተናገርኩም።»